ሌላ ቱርቦ ከመግዛትህ በፊት የዘይቱን ቱቦ ቁረጠው

ጥያቄው የመጣው ከጂቡቲ ወደብ ጭነት ከሚያመላልስ ሹፌር ነው። ባለተሳቢ መኪናው በአንድ ዓመት ሁለት ቱርቦ (በጭሱ ኃይል እየተሽከረከረ አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋው ዕቃ) ጨርሷል። ከዚያ የተገጠመለትም ሦስት ወር ሳይሞላው ማፏጨት ጀምሯል። «ዳገቱን ጨርሼ አዳማ እንደገባሁ አጥፍቼ ምሳ እበላለሁ። ስመለስና ሳስነሳው ሰማያዊ ጭስ ይለቃል፣ ትንሽ ከሄደ ይተወዋል። መካኒኬ የፒስተን ፋሻው አልቋል፣ ሞተሩ ይውረድ ይላል። ልስማው ወይስ ሌላ ቱርቦ ልግዛ?»

ሁለቱንም አታድርግ፣ ወንድሜ። ፋሻው፣ ፒስተኑን ከቦ ዘይት እንዳያልፍ የሚከለክለው ቀለበት፣ ቢሆን ኖሮ ዳገት ላይም ያጨስ ነበር። ያንተ የሚያጨሰው ቆሞ ሲነሳ ብቻ ነው። እኔ የምጠረጥረው ወደ ቱርቦው ዘይት የሚያደርሰውን ቀጭን ቱቦ ነው። ቱርቦው ሁለቴ ሲቀየር ቱቦው ግን አሮጌው እንደተመለሰ እወራረዳለሁ።

ነገሩን የፈታልኝ «አዳማ እንደገባሁ አጥፍቼ» ያልከው ነው። ይህን ትንሽ ላብራራው፣ ምክንያቱም ብዙ ቱርቦ የሚሞተው እዚህ ጋ ነው።

ከመተሐራ አዳማ ስትወጣ ከ1,000 ሜትር በታች ተነስተህ ከ1,600 ሜትር በላይ ነው የምትደርሰው፣ ያውም ሙሉ ጭነት ይዘህ። ቱርቦው ውስጥ የሚገባው የጭስ ሙቀት 600 ዲግሪ ያልፋል። የቱርቦው መሃል ዘንግ፣ ሻፍቱ፣ በደቂቃ ወደ 100,000 ዙር ይሽከረከራል። ሻፍቱን የያዙትን ብሮንዚኖች የሚያተርፋቸው ሳያቋርጥ የሚያልፈው ዘይት ነው። ዘይቱ ማለስለስ ብቻ ሳይሆን ሙቀቱንም ተሸክሞ ይሄዳል።

የእህቴ ልጅ ሜካኒካል ኢንጂነሪንግ ይማራል። አንድ ቀን ላፕቶፑን ጋራዥ ይዞ መጣና ቱርቦን በኮምፒውተር አስልቶ አሳየኝ። ሶፍትዌሩ ቱርቦውን በጣም ብዙ ትንንሽ ክፍሎች አድርጎ ይከፋፍለዋል። ከዚያ በየክፍሉ የአየሩን ፍጥነትና የብረቱን ሙቀት ያሰላል። የጭሱ በኩል ቀይ ነው፣ ብሮንዚኑ ያለበት መሃሉ አረንጓዴ። «አየህ፣ ጤነኛ ነው» አለኝ። «እስቲ አሁን ሞተሩን አጥፋው» አልኩት። የዘይቱንም የአየሩንም ፍሰት ዜሮ አድርጎ፣ በየሰከንዱ እየቆጠረ እንደገና አሰላው። ቀዩ በሻፍቱ በኩል ቀስ እያለ ወደ መሃል መጣ። የጭሱ በኩል እየቀዘቀዘ ሳለ ብሮንዚኑ ገና ይግል ነበር። ብሮንዚኑ ከፍተኛ ሙቀቱ ላይ የደረሰው ሞተሩ ከጠፋ ከደቂቃዎች በኋላ ነው! ከምጣድ ሥር እሳቱን ብታወጣም የጋለው ምጣድ ገና እንጀራ ይጋግራል አይደል? እንደዚያ ነው። እዚያ የቆመው ዘይት ይጋገራል፣ ጥቁር ከሰል ይሆናል፣ ቱቦውንም ያጠበዋል። በሚቀጥለው ጉዞ ብሮንዚኑ ዘይት ይጠማዋል፣ ይበላል፤ ሻፍቱ ይላላና ዘይቱ ወደ ጭሱ ያመልጣል።

አሁን ወደ ሥራ። ግን አስቀድሜ ልንገርህ፦ የአየር ማስገቢያው ተፈትቶ ሳለ ሞተር አታስነሳ። ባልደረባዬ ሁለት ጣቱን ያጣው «የሚሽከረከር መሆኑን ልይ» ብሎ እጁን ሲያስጠጋ ነው።

ሞተሩ ሲበርድ የአየሩን ቱቦ ፍታና ሻፍቱን በጣትህ ያዝ። ወደ ላይና ወደ ታች ትንሽ ቢነቃነቅ ግድ የለም። ወደ ውስጥና ወደ ውጭ የሚሄድ ከሆነ ወይም ምላጮቹ ግድግዳውን ከነኩ ግን አልቋል። ካልነኩ ይህ ቱርቦ ገና ሊተርፍ ይችላል።

ቀጥሎ ዘይት የሚያስገባውን ቱቦ አውጣና በሴጌቶ፣ በብረት መጋዝ፣ ቁረጠው። አዎ፣ ቁረጠው፤ ለማንኛውም መልሰህ አትገጥመውም። ውስጡ ጥቁር ቅርፊት ይዞ ታገኘዋለህ። በሽቦ ፈትጎ መመለስ የሚባል ነገር አልወድም፤ የተፈረፈረው ከሰል የሚሄደው ቀጥታ ብሮንዚኑ ውስጥ ነው። ቱቦውን የሚያስረውን፣ መሃሉ ቀዳዳ የሆነውን ቡሎንም አብረህ ቀይር። ስትገዛ ኮፒውን ተው። አንድ ጊዜ አዲስ የተባለ ቱቦ በብርሃን አይቼ ቀዳዳው ከኦርጅናሉ ግማሽ አልነበረም። በዚያ ላይ ርካሽ የዘይት ፊልትሮ ከገጠምክ ቱርቦውን በገዛ እጅህ ገደልከው ማለት ነው።

ዘይቱ የሚመለስበትን ወፍራም ቱቦም ፍታ። እዚህ ጋ የሚያናድደኝ ነገር አለ፦ ዘይት እንዳያፈስ መገጣጠሚያው ላይ በሚገባው በጓርኒሲዮን ፈንታ ቀይ ሲሊኮን የሚቀቡ መካኒኮች። ሲጠብቅ ሲሊኮኑ ወደ ውስጥ ይሞጀርና ቀዳዳውን ይዘጋል። ዘይቱ መውረጃ ሲያጣ ወደ ጭስና ወደ አየር በኩል ያመልጣል። ካገኘህ ጠርገህ ትክክለኛውን ጓርኒሲዮን አድርግ። የሞተሩ መተንፈሻ እንዳልተደፈነም እይ። ዘይትና ፊልትሮ ቀይር።

ስትገጥም በዘይት መግቢያው ንጹሕ ዘይት ሙላና ሻፍቱን በእጅህ አዙረው። ነዳጁን ዝጋና ዘይት በመመለሻው ሲወርድ እስክታይ ሞተሩን በማስነሻው፣ በሞተሪኖ፣ ብቻ አዙር። የአየር ቱቦው መታሰሩን ሳታረጋግጥ ነዳጁን አትክፈት። ስታስነሳው ለጥቂት ደቂቃ በሚኒሞ፣ በዝቅተኛው ዙር፣ ይቆይ፣ ነዳጅ አትርገጥ።

ሞተሩ የራሱን ዘይት እየሳበ ዙሩ ከጨመረ ቁልፍ አያጠፋውም። ፍሬን ይዘህ፣ ከፍተኛ ማርሽ አስገብተህ ፍሪሲዮን ልቀቅ፣ ይታነቃል። አየሩን በእጅህ ለመድፈን እንዳትሞክር!

ከእንግዲህ አዳማ ስትደርስ ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ በሚኒሞ አቆየው። ረዳትህ ጎማውን እየዞረ ያያል፣ አንተ ምሳውን ታዛለህ፣ ከዚያ ይጠፋል።

የቆረጥከውን ቱቦ ውስጡን ፎቶ አንስተህ ላክልኝ። ንጹሕ ሆኖ ከተገኘ ግምቴ ስቷል፤ ያኔ ስለ ፋሻው እናወራለን።