ማደንዘዣው ሳይለቅሽ ኪኒኑን ዋጪ

አብሽሪ እህቴ። ነገ የታችኛው መንጋጋ ጥርስሽ የነርቭ ሕክምና ሊደረግለት እንደሆነ፣ ሐኪሙም ረጅም ሰዓት የሚቆይ ማደንዘዣ እንደሚወጋሽ ነግረሽን «ከዚያ በኋላስ ያማል ወይ?» ብለሻል። እኔ እዚሁ ደሴ ሁለት ጥርስ አሠርቻለሁ።

1. የሚወጉሽ ማደንዘዣ ቡፒቫኬይን የሚባለው ከሆነ፣ እንደተለመደው ማደንዘዣ እንደ ሊዶኬይን በሦስት አራት ሰዓት አይለቅም። ከቀኑ 8 ሰዓት ተወግቼ እስከ ምሽቱ 5 ሰዓት ከንፈሬ የሰው ከንፈር ሆኖብኝ ቆየ። እፎይታው ደስ ይላል፤ ግን ያዘናጋል።

2. የሕመም ማስታገሻ ኪኒኑን ደንዝዘሽ ሳለሽ ዋጪ። እኔ ዋጋ የከፈልኩት እዚህ ላይ ነው። በመጀመሪያው ጥርሴ ጊዜ የክሊኒኩ ካርድ ክፍል ሠራተኛ መድኃኒቱን በመስኮት ወርወር አድርጋ «ሲያምሽ ትውጪዋለሽ» አለችኝ። መቼ ልጀምር ብዬ ስጠይቃት ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። እኔም ሳያመኝ ምን ኪኒን ያስውጠኛል ብዬ ተኛሁ። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ጥርሴ ከጆሮዬ ጋር አብሮ ይመታ ጀመር። ያን ጊዜ የዋጥኩት አይቡፕሮፌን እስኪይዝልኝ አንድ ሰዓት ገደማ ጋቢዬን ነክሼ አሳለፍኩ። በማግስቱ ሐኪሙ እንዳስረዳኝ፣ መርፌው ሕመሙ እንዳይሰማ ያግዳል እንጂ የተቆጣውን የጥርስ ሥር አያበርድም። የሚብሰውም የመጀመሪያው ቀን ነው። ይህችን አንዲት ቃል ከመስኮቱ ብሰማ ኖሮ ያ ሌሊት ባልነበረ!

በዓመቱ ሌላው ጥርሴ ሲሠራ ማንንም አልጠበቅሁም። ከንፈሬ እንደደነዘዘ ለብ ያለ አጥሚት ጠጥቼ 400 ሚሊግራም አይቡፕሮፌን ዋጥኩ፤ በየ6 ሰዓቱ ደገምኩ፤ ሐኪሙን አስፈቅጄ 1000 ሚሊግራም ፓራሲታሞልም ጨመርኩበት። ሌሊቱን ተኝቼ አደርኩ፤ በነጋታው ሥራ ገባሁ። አንቺ ግን የጨጓራ ቁስለት ወይም የኩላሊት ሕመም ካለብሽ፣ እርጉዝም ከሆንሽ፣ አይቡፕሮፌን አይሆንሽምና ለሐኪሙ አስቀድመሽ ንገሪው።

3. ቡና። አፍሽ ደንዝዞ ሳለ አቦሉን ማንም ቢያቀርብልሽ አትቀበዪ። እኔ ጉንጬን እንዳቃጠልኩት ያወቅሁት በማግስቱ ነው።

ጎረቤት የተረፈ አሞክሳሲሊን ቢሰጥሽም ተዪው፤ ሕመም አያስታግስም። ፊትሽ ካበጠ፣ ትኩሳት ከያዘሽ ወይም መዋጥ ካቃተሽ ግን በዚያው ቀን ወደ ክሊኒኩ ሂጂ። መስኮቱ ላይ ያለችው ብትገላምጥሽም ሐኪሙን ሳታገኚ አትውጪ።