በጥርብ ድንጋይ ለተለበጠ ቤት የሚስማማ የግቢ መብራት

ውድ ጠያቂያችን፣ ፊቱ በጥርብ ድንጋይ ለተለበጠው ጂ+1 ቤትዎ ኤሌክትሪሻኑ አጥሩ ላይ አራት ፓውዛ ሰቅሎ ወደ ቤቱ እንዲያበራ ሐሳብ ማቅረቡን ገልጸው፣ ያምር እንደሆነ ጠይቀዋል። አዲስ አበባ ውስጥ የመኖሪያ ቤቶችን የውጭ መብራት ለዓመታት ስሠራ ካየሁት ተነሥቼ ስመልስልዎ፣ ፓውዛው ለጥበቃ ይጠቅም ይሆናል እንጂ የቤትዎን ውበት አያወጣውም።

ድንጋይን ድንጋይ የሚያስመስለው ጥላው ነው። ብርሃን ከፊት ለፊት ሲያርፍበት በወጣ ገባው ውስጥ ጥላ ስለማይፈጠር፣ ብዙ ገንዘብ የወጣበት የጠራቢው ሥራ ጠፍቶ ግድግዳው ቀለም የተቀባ ልሙጥ ይመስላል። ከግድግዳው ከ15 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ርቆ መሬት ውስጥ የተቀበረ መብራት ወደ ላይ ቢያበራ ግን፣ ብርሃኑ ድንጋዩን እየታከከ ስለሚወጣ የመሮው ምልክት ሳይቀር አንድ በአንድ ይታያል። የጎን ግድግዳዎ ልስን ከሆነ ይህን አያድርጉ፤ የልስኑን ጉድለት ሁሉ ስለሚያጋልጥ እዚያ መብራቱን አንድ ሜትር ያህል ማራቅ ይሻላል። ከመኝታ ቤት መስኮት ሥርም አይቅበሩ።

በረንዳዎ ዓምዶች ካሉት፣ ለእያንዳንዱ ዓምድ እግር ብርሃኑ ከ15 እስከ 25 ዲግሪ ብቻ የሚከፈት መብራት ያድርጉና በመካከላቸው ያለውን ቦታ ጨለማ ይተዉት። ብዙ ደንበኞች ይህን ስነግራቸው ሥራው የጎደለ ይመስላቸዋል፤ ሆኖም ሁሉም ቦታ እኩል ከበራ ዓምዱ ከኋላው ካለው ግድግዳ ተለይቶ አይታይም።

የብርሃኑን ቀለም በተመለከተ፣ 6500 ኬልቪን (ኬልቪን የብርሃን ቀለም መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ብርሃኑ ወደ ቢጫ ያደላል) የተባለው ነጭ አምፖል ድንጋዩን ወደ ሰማያዊ የሚያደላ አመድ ስለሚያስመስለው 2700 ወይም 3000 ይምረጡ፤ አንዱን ከመረጡ በኋላም የቤቱ ፊት ላይ ሌላ አይቀላቅሉ።

ክረምታችን ከባድ ስለሆነ የሚቀበረው መብራት አይፒ 67 (IP67) የሚል፣ አቧራና ውኃ እንደማያስገባ የሚያሳይ ምልክት ያለው መሆን አለበት። ይህም ብቻውን አይበቃም፤ ከሥሩ ውኃ የሚያሰርግ ጠጠር ካልተደረገ ጉድጓዱ ውኃ አቁሮ መብራቱን ያበላሸዋል። በትራንስፎርመር ቮልቴጁ ዝቅ ተደርጎ የሚሠራውን ባለ 12 ቮልት መብራት ከመረጡ ደግሞ መስመሩ በረዘመ ቁጥር ቮልቴጁ ስለሚወርድና የመጨረሻው መብራት ስለሚደክም፣ ወፈር ያለ ሽቦ ያዘርጉ፤ ትራንስፎርመሩንም ወደ መብራቶቹ ያስጠጉ።

የግቢው ንጣፍ ገና ካልተሠራ፣ የሽቦው ቱቦ አስቀድሞ ይቀበር። ቦታዎቹን ከመቆፈርዎ በፊትም አንድ ምሽት በማራዘሚያ ገመድ አንድ መብራት እያዘዋወሩ፣ አንድ ጊዜ ከበሩ ውጭ፣ አንድ ጊዜ ከሳሎን ሆነው ይመልከቱት፤ አምፖሉ ራሱ ዓይን የሚወጋ ከሆነ ቦታው ይለወጥ ወይም መከለያ ይደረግለት።