ከቦታው በፊት ስፋቱን እዪ

ጥያቄ፦ መምህር፣ ጤና ይስጥልኝ። አዲስ ሱፐርኖቫ (የኮከብ ፍንዳታ) በተገኘ በቀናት ውስጥ «ዓይነት 1ኤ ነው»፣ «ዓይነት 2 ነው» ሲባል እሰማለሁ። ፎቶው ላይ ግን የምትታየው አንዲት ነጥብ ናት። እኔም የአንዱን ስፔክትረም፣ ማለትም የብርሃኑን መጠን በየሞገድ ርዝመቱ የሚያሳይ ግራፍ፣ አውርጄ 669 ናኖሜትር ላይ ቀጭን፣ ሹል መስመር አገኘሁ። በቤተ ሙከራ 656 ላይ ያለው የሃይድሮጅን መስመር ተለጥጦ መሰለኝ፤ ሃይድሮጅን የሚያሳየው ዓይነት 2 ስለሆነም ዓይነት 2 አልኩት። ልክ ነኝ?
ተማሪ ነኝ

መልስ፦ ሃይድሮጅን መሆኑን በደንብ ለይተሻል። የቀረሽ የማን ሃይድሮጅን ነው የሚለው ነው። እኔም በጀማሪነቴ እዚሁ ላይ ተሳስቻለሁ። ሌሊቱን ሙሉ የለፋሁበትን ስፔክትረም ዓይነት 2 ብዬ መዘገብኩት። ጠዋት አንድ ባልደረባዬ «መስመሩ ስፋቱ ስንት ነው?» ሲለኝ ክው አልኩ። ከዚያ ወዲህ ከቦታው በፊት ስፋቱን ነው የማየው።

ኮከብ ሲፈነዳ ቁሱ በሰከንድ በሺዎች ኪሎሜትር ፍጥነት በየአቅጣጫው ይበተናል። ከፊሉ ወደ እኛ ይመጣል፣ ከፊሉ ይርቃል። ስለዚህ መስመሩ ተንጣሎ ብዙ ናኖሜትር ይሸፍናል። ያንቺ ሹል መስመር ግን ከጋላክሲው የጋዝ ደመና የመጣ ይመስላል። እዚያ ያለው ጋዝ ዝግ ያለ ነው። ከመፈንዳታቸው በፊት ጋዝ የተፉ፣ ቀጭን መስመር የሚያሳዩ ሱፐርኖቫዎችም አሉ፤ እነሱ ግን ብዙ ጊዜ ከቀጭኑ ሥር ሰፊ መሠረት አላቸው።

መስመሩን አትጣዪው፣ ትልቅ ጥቅም አለው። 669ን ለ656 ስታካፍዪ 1.02 ይመጣል። ጋላክሲው ሲርቅ ብርሃኑ 2 በመቶ ተለጥጧል ማለት ነው። የሞገድ ርዝመቶቹን ሁሉ ለ1.02 አካፍዪና እንደገና ተመልከቺ።

አሁን 615 አካባቢ ሰፊ ስርጉድ፣ ማለትም ብርሃኑ የቀነሰበት ቦታ፣ አለ? ካለ ሲሊከን ሊሆን ይችላል። የሲሊከን መስመር በቤተ ሙከራ 635 ላይ ነው። ቁሱ በሰከንድ 10,000 ኪሎሜትር ገደማ ወደ እኛ ሲመጣ ወደ 615 ይገፋል። ይህ የዓይነት 1ኤ፣ ማለትም የነጭ ድንክ (ነዳጁን የጨረሰ፣ ትንሽና ጥቅጥቅ ያለ) ኮከብ ፍንዳታ ምልክት ነው።

እዚህ ጋ ተጠንቀቂ። በሰከንድ 19,000 ኪሎሜትር የሚሮጥ ሃይድሮጅንም እዚያው ቦታ ስርጉድ ይሠራል። ስለዚህ ምስክር ፈልጊ። 530 እና 550 አካባቢ ጎን ለጎን ሁለት ስርጉዶች ካሉ ሰልፈር ነው፤ 1ኤ ለማለት ያስደፍራል። 656 ላይ ሰፊ ጉብታ ካለ ደግሞ የፍንዳታው የራሱ ሃይድሮጅን ነው፤ ዓይነት 2 ማለት ነው። ሃይድሮጅንም ጠንካራ ሲሊከንም ከሌለ ሂሊየም ፈልጊ። ካለ 1ቢ፣ ከሌለ 1ሲ ይባላል።

ስፔክትረሙ የተወሰደበትን ቀንም ጻፊ። እ.ኤ.አ. በ1993 ኤም 81 በተባለው ጋላክሲ የፈነዳው ሱፐርኖቫ መጀመሪያ ሃይድሮጅን አሳየ። ከሳምንታት በኋላ ሂሊየም ጎልቶ ወጣ። ዛሬ 2ቢ የሚባለው ክፍል ዋና ምሳሌ ነው። በአንድ ሌሊት ስፔክትረም ብቻ ቢፈረድበት ተራ ዓይነት 2 ተብሎ በቀረ ነበር።

615 ላይ ያገኘሽውን ጻፊልኝ፤ በጉጉት እጠብቃለሁ።