የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ጾመ ነቢያትን በታሊን ምግብ ቤቶች

ጥያቄ፦ ለአምዱ አዘጋጅ፣ እንደምን ሰነበቱ። የምኖረው ድሬዳዋ ከዚራ ሲሆን መሥሪያ ቤቴ ለሦስት ሳምንት ሥልጠና ወደ ኢስቶኒያ ዋና ከተማ ወደ ታሊን ሊልከኝ ነው። የምንነሣው ኅዳር 20 ስለሆነ ጉዞው ጾመ ነቢያት ላይ ይውላል። ጋባዦቻችን በመጀመሪያው ሳምንት በአንድ ዘመናዊ ምግብ ቤት እራት ይዘውልናል፤ የምግብ ዝርዝሩን በኢንተርኔት ስመለከተው ግን ተመርጦ የሚታዘዝበት ሳይሆን ሰባት ሳህን በተራ የሚቀርብበት ሆኖ አገኘሁት። እኔ በጾም ዓሣም አልበላም፣ የአሳማ ሥጋ ደግሞ ጭራሽ አልነካም። አብራኝ የምትሄደው የሐረር ልጅ ሙስሊም በመሆኗ እርሷም ሰግታለች። ተጋብዞ ሄዶ «ይህን አልበላም» ማለት ነውር አይሆንብንም ወይ? በቀሪዎቹ ቀናትስ በራሳችን ገንዘብ የት እንብላ?
ወ. ከድሬዳዋ

መልስ፦ ውድ እህታችን፣ ስጋትዎ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። በእኛ ዘንድ ማዕድ ከቀረበ በኋላ «ውስጡ ምን አለው?» ብሎ መጠየቅ የቤቱን እመቤት ማሳፈር ነው። በታሊን ግን ምግብ አብሳዩን የሚያሳዝነው ሳይነገረው ሳህኑ ሳይነካ ሲመለስለት ነው። ሰባቱ ሳህኖች የሚጀመሩት ከእራቱ ቀናት ቀደም ብሎ ነውና፤ መረቁ እየተንተከተከ ይወፍራል፣ በበጋ የተለቀመው እንጉዳይና የዱር ፍሬ በጨው ወይም በኮምጣጤ ተቀምጦ ይቆያል። በዕለቱ ቢነግሩት ከሳህኑ ላይ ሊያነሣልዎት ይችል ይሆናል፣ በምትኩ ሌላ ሊሠራልዎት ግን ጊዜ የለውም። ከሳምንት በፊት ቢያውቅ ግን ለእርስዎ የሚሆነውን አስቦ ያዘጋጃል። ስለዚህ ለጋባዦችዎ ዛሬውኑ ይጻፉ።

ሲጽፉ «ቬጀቴሪያን ነኝ» አይበሉ። ይህ ቃል ሥጋን እንጂ ቅቤን፣ ወተትንና እንቁላልን አያስቀርም። ለጾማችን የሚቀርበው «ቪጋን» የሚለው ነው፤ ልዩነቱ ቪጋኖች ማርን ሳይቀር መተዋቸው ስለሆነ፣ ማር የሚበሉ መሆንዎን ቢጨምሩ የአብሳዩን እጅ ያፍታቱለታል።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ ላሳስብዎ እወዳለሁ። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ መሠረት እያንዳንዱ ምግብ ቤት በሰው ላይ አለርጂ የሚያስነሡ 14 ነገሮች በምግቡ ውስጥ መኖራቸውን የማሳወቅ ግዴታ አለበት። ወተት፣ እንቁላልና ዓሣ ከነዚህ ውስጥ በመሆናቸው አስተናጋጁን ቢጠይቁ በእርግጠኝነት ይመልስልዎታል። የአሳማ ሥጋ፣ የአሳማ ጮማና የሥጋ መረቅ ግን ከ14ቱ ውስጥ አይደሉም። የአሳማ ሥጋ ደግሞ የኢስቶኒያ ማእድ ዋና ሥጋ ነው፤ በገና ሰሞን የሚበላው «ቬሪቮርስት» የተባለው ቋሊማ በደም የሚሠራ ነው። ምንም ሥጋ የማይታይበት የጎመን ወይም የእንጉዳይ ሳህን በአሳማ መረቅ ወይም ጮማ ተሠርቶ ሊሆን ይችላልና፣ ዝርዝሩን አይተው ብቻ አይመኑ። ጓደኛዎም ወይን ጠጅ የገባበት ስልስና ከአሳማ ቆዳ የሚገኝ ጄላቲን የተባለ የምግብ ማርጊያ ጭምር እንደማይሆንላት በስም ጠቅሳ ትጻፍ። «አልኮል አልጠጣም» ብቻ ካለች ብርጭቆዋን እንጂ ሳህኗን የሚመለከት አይመስላቸውም።

በዚያ ማእድ በጣም የምወደው መጀመሪያ የሚቀርበው ጥቁር ዳቦ ነው። «ሌይብ» ይሉታል፤ ራይ ከተባለው እህል ተሠርቶ እንደ እንጀራችን በእርሾ ይቦካል፣ ኮምጠጥ ማለቱም የአገር ቤትን ጣዕም ያስታውሳል። «ያትኩ ሌይባ» ብለው ሲመርቁ ዳቦው ይበርክት ማለታቸው ነውና፣ ለእኛ ሰው የማያስቸግር ምርቃት ነው። አብሮት የተመታ ቅቤ ስለሚመጣ በምትኩ ዘይት ይጠይቁ። የሳህኖቹ ትንሽነት አያስከፋዎት፤ ተደምረው ያጠግባሉ።

በራሳችሁ ገንዘብ ስትበሉ፣ ምርጥ ምግብ ቤቶችን እየመዘነ ኮከብ የሚሰጠው «ሚሼሊን» የተባለው መመሪያ ኮከብ ከሰጣቸው ቤቶች ራቁ። ይህ መመሪያ ከባልቲክ አገሮች መጀመሪያ የገባው እ.ኤ.አ. በ2022 ኢስቶኒያ ውስጥ ሲሆን፣ በታሊን ኖብለስነር ወደብ ያለው «180 ዲግሪ» በ2023 ሁለት ኮከብ አግኝቷል፤ በእንዲህ ያለ ቤት አንድ እራት ከ100 ዩሮ በላይ ያስከፍላል። ለምሳ ግን ብዙ ጥሩ ቤቶች «ፓየቫፕራድ» የተባለ የዕለቱን ምግብ ከ10 ዩሮ ብዙ በማይርቅ ዋጋ ያቀርባሉ። ይህ የሚያልቀው ከቀኑ 8 ወይም 9 ሰዓት ላይ ስለሆነ፣ እስከ 9 ሰዓት የሚጾሙ ከሆነ ያመልጥዎታል፤ በዚያ ወቅት ፀሐይ የምትጠልቀውም 9 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። በዚህ ጊዜ ወደ ቴሊስኪቪ ይሂዱ። ከባቡር ጣቢያው አጠገብ ያሉ የቀድሞ የኢንዱስትሪ ሕንፃዎች ወደ ምግብ ቤትና ወደ ሱቅ የተለወጡበት ሰፈር በመሆኑ፣ ለገሃርን እያዩ ላደጉ ሰው ደስ ይላል፤ ቀኑን ሙሉ የሚያበስሉና የቪጋን ምግብ ያላቸው ቤቶችም አሉበት። ጉርሻ ግዴታ አይደለም፤ መስተንግዶው ካረካችሁ ከሂሳቡ አሥር በመቶ ያህል መተው በቂ ነው።

ለጋባዦችዎ የሚልኩት ደብዳቤ እንዲህ ቢል ይበቃል፦ «በሃይማኖቴ የጾም ወቅት ስለሆነ ሥጋ፣ ዓሣ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል፣ የሥጋ መረቅና ጮማም ጭምር አልበላም፤ ማር እበላለሁ። ባልደረባዬ የአሳማ ሥጋ፣ ከአሳማ የተገኘ ጄላቲንና በምግብ ውስጥ የገባ አልኮል አትወስድም፤ ሌላው ሥጋም ሐላል ካልሆነ አትክልት ይሁንላት። ይህን ለምግብ ቤቱ ከአሁኑ ብታሳውቁልን እናመሰግናለን።»