የፈንገስ ስም ማወቅ ሥራ ያስቀጥራል ወይ?

ጥያቄ፦ የባዮሎጂ የ3ኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። የፈንገሶችን አመዳደብና ሳይንሳዊ ስያሜ ሙያዬ ላደርገው እፈልጋለሁ። ጓደኞቼ ግን «ዛሬ ሁሉንም ዲኤንኤ ይነግርሻል፣ በዚህ ነገር የሚቀጥርሽ የለም» ይሉኛል። ከየት ልጀምር? ደግሞ ከወደቀ ግንድ ላይ የሰበሰብኩትን አንድ እንጉዳይ በየትኛውም መጽሐፍ አጣሁት። አዲስ ዝርያ ከሆነ ስም ላወጣለት እችላለሁ?

መልስ፦ ጓደኞችሽ ግማሹን ልክ ብለዋል። «የፈንገስ ስም አውጪ ይፈለጋል» የሚል ማስታወቂያ የምትጠብቂ ከሆነ ብዙ ትቆያለሽ። አሠሪ የሚፈልገው «ይህ እገሌ የሚባለው ዝርያ ነው» ብሎ ሲፈርም በፊርማው ላይ ውሳኔ ሊወሰንበት የሚችል ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው ይፈለጋል፤ የሥራ መደቡ መጠሪያ ግን ሌላ ነው። የዕፅዋት ኳራንታይን ባለሙያ፣ የሆስፒታል ማይክሮባዮሎጂ ላብራቶሪ ባለሙያ፣ የናሙና ስብስብ ረዳት፣ የምግብና የመድኃኒት ጥራት ተቆጣጣሪ፣ የዳታቤዝ አርታኢ ይባላል። ስለዚህ ማስታወቂያ ስታስሺ «ታክሶኖሚ» (የአመዳደብ ሳይንስ) በሚለው ቃል ብቻ አትወሰኚ። «ማይኮሎጂ» (የፈንገስ ጥናት)፣ «የዕፅዋት በሽታ»፣ «ልየታ»፣ «ባዮሎጂካል ስብስብ» የሚሉትንም ፈልጊ።

ስም ይህን ያህል የሚያስጨንቀው ለምን እንደሆነ ካንዲዳ ኦሪስ ጥሩ ማሳያ ናት። ይህች እርሾ እ.ኤ.አ. በ2009 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ እ.ኤ.አ. ናቸው) ጃፓን ውስጥ ከአንዲት ታካሚ ጆሮ ተገኝታ ተሰየመች፤ «ኦሪስ» በላቲን «የጆሮ» ማለት ነው። መድኃኒት ትቋቋማለች፣ በሆስፒታል ውስጥም ከታካሚ ወደ ታካሚ ትዛመታለች። የቆዩት የባዮኬሚካል መለያ መሣሪያዎች ግን ብዙ ጊዜ ካንዲዳ ሄሙሎኒ እያሉ ያሳልፏት ነበር። ስሙ ሲሳሳት ታካሚውን የመለየቱም ሆነ ክፍሉን የማጽዳቱ ውሳኔ አብሮ ይሳሳታል። በ2024 ደግሞ ካንዲዶዛይማ ወደሚባል አዲስ ጂነስ (የተቀራረቡ ዝርያዎች ምድብ) ተዛወረች። አሁን አንዱ ላብራቶሪ በአሮጌው፣ ሌላው በአዲሱ ስም ሪፖርት ሲያደርግ ሁለቱ አንድ መሆናቸውን የሚያውቅ ሰው ከመሃል ያስፈልጋል።

አመዳደብም እንዲሁ ነው። የድንች ምች የሚያመጣው ፊቶፍቶራ ኢንፌስታንስ ሲያዩት ፈንገስ ይመስላል፤ በዝምድናው ግን ለቡናማ የባሕር አልጌዎች ይቀርባል። ኤርጎስቴሮል የሚባለውን የፈንገሶች ስብ ስለማይሠራ፣ የዚህን ስብ አሠራር የሚያግዱ ፀረ-ፈንገስ ኬሚካሎች አይነኩትም። ስሙ የሚወጣው ግን በፈንገሶቹ ደንብ ነው። «ፈንገስ ነው» ብሎ ያለፈ ባለሙያ ገበሬውን የማይሠራ መድኃኒት ያስገዛዋል።

አሁን ወደ ዲኤንኤው እንምጣ። አይቲኤስ የሚባለው የዘረመል ክፍል ከ2012 ጀምሮ የፈንገሶች መደበኛ ባርኮድ ተብሎ ይሠራበታል። ብዙ ጊዜ ከ500 እስከ 700 ፊደል ይረዝማል፤ በቀላሉም ይባዛል። ችግሩ የሚጀምረው ውጤቱ ሲመጣ ነው። ጀማሪ ቅደም ተከተሉን ጂንባንክ በሚባለው የዲኤንኤ ዳታቤዝ ላይ አስገብቶ የመጀመሪያውን ውጤት፣ ለምሳሌ «99 በመቶ»ን፣ እንደ ስም ይወስዳል። 99 በመቶ ከማን ጋር? ያ መዝገብ የገባው በሌላ ተማሪ የተሳሳተ ልየታ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሦስት ነገር ተመልከቺ፦ ንጽጽሩ የቅደም ተከተሉን ስንት እጅ ይሸፍናል? ከሚመሳሰሉት ውስጥ ከዋቢ ናሙና፣ ማለትም ስሙ ከታሰረበት ናሙና፣ የተወሰደ አለ? ሁለት የተለያዩ ዝርያዎች እኩል ነጥብ አምጥተዋል? ሦስተኛው ሲያጋጥም አይቲኤስ አልለየውም ማለት ነው። ፉዛሪየም በሚባለው የሻጋታ ጂነስ ላይ ይህ የተለመደ ስለሆነ ቴፍ-1 የተባለው ዘረመል ይጨመራል። ሌሎች ሻጋታዎች ለሆኑት ለአስፐርጊለስ ካልሞዱሊን፣ ለፔኒሲሊየም ቤታ-ቱቡሊን የተባሉት ዘረመሎች ይጨመራሉ። ሌላው የተለመደ ጥፋት ብክለት ነው፦ ትልቅ እንጉዳይ ልከሽ የትሪኮደርማ ሻጋታ ቅደም ተከተል ይመለስልሻል። ለዚህም ነው ናሙናውን በዓይኑ ያየ ሰው የሚያስፈልገው። የሥራ ቃለ መጠይቅ ላይ «ኮምፒውተሩ 99 በመቶ ቢልሽ ምን ታደርጊያለሽ?» ተብለሽ ብትጠየቂ እንዳትደነቂ።

ከየት ልጀምር ላልሽው፦ ከአንድ ጂነስ። ሁሉንም እንጉዳይ በጥቂቱ የሚያውቅ ሰው ሞልቷል፤ አንድ ቡድን አጥርቶ የሚያውቅ ግን ይፈለጋል። ኮርቲናሪየስ የሚባለውን የእንጉዳይ ጂነስ ለጊዜው ተዪው፤ ከ2,000 በላይ ዝርያ ያለው፣ ሊቃውንቱም ገና ያልተስማሙበት ነው። በአቅራቢያሽ በብዛት የሚበቅል፣ በቅርብ ዓመታት የተጻፈ ሙሉ ጥናትና የመለያ ቁልፍ ያለው፣ ከ20 እስከ 60 ዝርያ የሚይዝ ቡድን ምረጪ።

ከዚያ ናሙና። የፈንገስ ናሙና ዋጋው ያለው ትኩስ ሳለ በተጻፈው ማስታወሻ ላይ ነው፤ ሲደርቅ ቀለሙም ሽታውም ይጠፋል። ከመንቀልሽ በፊት ፎቶ አንሺ፣ ከሥሩ ቆፍረሽ አውጪ፤ ቢላ ብቻ ከተጠቀምሽ የአገዳው ግርጌ መሬት ውስጥ ይቀራል፣ አማኒታ በሚባለው የእንጉዳይ ጂነስ ላይ ደግሞ ዋናው መለያ እሱ ነው። የቆቡንና የሥጋውን ቀለም፣ ሲቆረጥ ቀለም መለወጡን፣ ሽታውን፣ የበቀለበትን ነገር፣ በዙሪያው ያሉትን ዛፎች፣ ቀኑን፣ የጂፒኤስ ቁጥሩን ጻፊ። አንዱን ቆብ ከአገዳው ቆርጠሽ ፊቱን ወደ ታች በንጹሕ መስታወት ላይ አስቀምጪና ከድነሽ አሳድሪው፤ ጠዋት የስፖር (የፈንገሱ ደቃቅ መራቢያ ቅንጣት) አሻራ ታገኛለሽ። የሩዝ ፍሬ የምታክል ቁራጭ ለዲኤንኤ በሲሊካ ጄል ውስጥ ቅበሪ። የቀረውን 40 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ፣ አየር በሚዘዋወርበት ማድረቂያ፣ ሲጫኑት ቀጭ ብሎ እስኪሰበር አድርቂው። ሙቀቱን ከፍ ብታደርጊው ይበስላል፣ ዲኤንኤውም ይበላሻል። ዝቅ ካደረግሽው ደግሞ ትልና ሻጋታ ይቀድምሻል።

በማይክሮስኮፕ ሥራ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም አብዛኛው የተሳሳተ ልየታ የሚወለደው እዚህ ነው። ዓይነ-ሌንሱ ውስጥ ያለው ማስመሪያ በራሱ ምንም መጠን የለውም። በየሌንሱ ለየብቻ በመለኪያ ስላይድ መመሳከር አለበት። በ40 እጥፉ ሌንስ አንዱ ክፍል 2.5 ማይክሮሜትር ሆኖ ካገኘሽና በዚያው ቁጥር በ100 እጥፉ ሌንስ ከለካሽ፣ 10 ማይክሮሜትር የሆነውን ስፖር 25 ብለሽ ትጽፊያለሽ፤ ከዚያ በኋላ የመለያ ቁልፉ ወደማይሆን ዝርያ ይወስድሻል። ስፖር የምትለኪው ከአሻራው እንጂ ከቆቡ ሥር ካሉት ስስ ንጣፎች ፍቀሽ አይሁን፤ ከዚያ የሚመጣው ብዙው ገና ያልበሰለ ነው። ቢያንስ 30 ስፖር በጎናቸው እንደተኙ ለኪ፤ ከእናቱ ጋር የተያያዘበትን ጫፍ አትቁጠሪ። ርዝመቱን ለወርዱ አካፍይና ውጤቱን አብረሽ መዝግቢ፦ 9 በ6 የሆነ ስፖር 1.5 ይሰጥሻል።

የደረቀ ናሙና ለማርጠብ ከ3 እስከ 5 በመቶ የሆነ የፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ብጥብጥ ይበቃል። አንዳንድ ስፖሮች በዚህ ውስጥ ስለሚያብጡ በምን ውስጥ እንደለካሽ ጻፊ። ከዚያ በአዮዲን የሚሠራውን የሜልዘር ሪኤጀንት የምትጨምሪ ከሆነ መጀመሪያ ናሙናውን በውኃ እጠቢው። የቀረው አልካሊ አዮዲኑን ይበላዋል፤ ስፖሩም ወደ ሰማያዊ-ጥቁር መለወጥ ሲገባው ሳይለወጥ ይቀርና «አይለወጥም» ብለሽ በስህተት ትመዘግቢያለሽ።

ከዚህ ጎን ለጎን የስያሜ ደንቡን አንብቢ። ደረቅ ነው፤ ግን አብዛኛው ተመራማሪ ስለማያነበው ያነበበ ሰው ወዲያው ይታወቃል። የአልጌ፣ የፈንገስና የዕፅዋት ዓለም አቀፍ ደንብ ይባላል፤ የማድሪዱ እትም የወጣው በ2025 ነው። ፈንገስን ብቻ የሚመለከተው በምዕራፍ ኤፍ ተሰብስቧል፤ ይህን ምዕራፍ የሚያሻሽለውም የማይኮሎጂ ጉባኤ እንጂ የዕፅዋቱ ጉባኤ አይደለም።

አንድ ስም ፈታተን እንይ፦ «አማኒታ ሙስካሪያ (ኤል.) ላም.»። ነጭ ነጠብጣብ ያለበት ቀዩ መርዛማ እንጉዳይ ነው። በቅንፍ ያለው «ኤል.» ስዊድናዊው የተፈጥሮ ሊቅ ሊኒየስ ሲሆን በ1753 አጋሪከስ ሙስካሪየስ ብሎ የሰየመው እሱ ነው። ከቅንፉ ውጭ ያለው «ላም.» ፈረንሳዊው ላማርክ ሲሆን በ1783 ወደ አማኒታ ያዛወረው ነው። መጨረሻው ከ«ሙስካሪየስ» ወደ «ሙስካሪያ» የተለወጠው አጋሪከስ በላቲን ተባዕት፣ አማኒታ ደግሞ አንስታይ ስለሆነች ነው፤ እኛ «ትንሹ» እና «ትንሿ» እንደምንለው። በቆዩ መጻሕፍት «ኤል. ፡ ፍር.» የሚል ካየሽ፣ ሁለቱ ነጥቦች የፈንገስ ሊቁ ኤሊያስ ፍሪስ («ፍር.») ስሙን ተቀብሎታል ማለት ነው፤ እሱ የተቀበላቸው ስሞች በደንቡ የተለየ ከለላ አላቸው። በአንድ መስመር ላይ የ30 ዓመት ታሪክ ተጽፏል። በየቀኑ አንድ ስም እንዲህ ብትፈቺ በአንድ ሴሚስተር ቋንቋው ይገባሻል።

የድሮ መጻሕፍት የሚያደናግሩሽ ሌላም ነገር አለ። ቀድሞ አንድ ፈንገስ ለወሲባዊው መልኩ አንድ፣ ወሲባዊ ላልሆነው ሌላ ስም ይሰጠው ነበር። ጂበሬላ ዚኤ እና ፉዛሪየም ግራሚኒየረም አንድ ናቸው። በ2011 የሜልቦርኑ ጉባኤ ይህን አስቀረ፤ አሁን ለአንድ ፈንገስ አንድ ስም ነው። የኳራንታይን ዝርዝሮች ግን አሁንም በሁለቱም ስም ሊጽፉ ይችላሉ።

አሁን ግንድ ላይ ስላገኘሽው። ስም ማውጣት ይቻልሻል፤ ደንቡ ዲግሪ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ሌላ ነገር ነው። ከ2012 ወዲህ በላቲን ወይም በእንግሊዝኛ የተጻፈ መግለጫ፣ ወይም ከሌሎች የሚለየውን የሚናገር አጭር ጽሑፍ። አንድ ሆሎታይፕ፣ ማለትም ስሙ የሚታሰርበት አንድ ናሙና፣ የተቀመጠበት ሄርባሪየም (የደረቁ ናሙናዎች ማከማቻ ተቋም) ተጠቅሶ። ከ2013 ወዲህ ደግሞ ከስም መዝገቦቹ ከማይኮባንክ፣ ከኢንዴክስ ፈንጎረም ወይም ከፈንገል ኔምስ የተወሰደ የምዝገባ ቁጥር፣ በጽሑፉ ውስጥ ታትሞ። ቁጥሩን ወስዶ በጽሑፉ ውስጥ መጥቀስ መርሳት የተለመደ ስህተት ነው፤ እንዲህ የወጣ ስም እንዳልወጣ ይቆጠራል። ሆሎታይፑ በላብራቶሪ የበቀለ ከሆነ፣ በማድረቅ ወይም በጥልቅ ቅዝቃዜ እድገቱ ቆሞ እንደሚቀመጥ መገለጽ አለበት፤ እያደገ ያለ ሕያው ካልቸር ዋቢ ናሙና መሆን አይችልም።

ይህን ሁሉ ማሟላት ግን ቀላሉ ክፍል ነው። መጽሐፍ ውስጥ አለመኖሩ አዲስነቱን አያሳይም። ምናልባት ከ100 ዓመት በፊት ሌላ አህጉር ላይ ተሰይሞ ተረስቶ ይሆናል፤ የብዙ አሮጌ ስሞች ዋቢ ናሙናም ዲኤንኤው ገና አልተነበበም። ማወዳደር ያለብሽ ከነዚያ ናሙናዎች ጋር ነው። ሄርባሪየሞች ናሙና የሚያውሱት ለተቋም እንጂ ለግለሰብ ስላልሆነ ዩኒቨርሲቲሽ በስሙ ይጠይቅልሽ። ብዙዎቹ ፎቶና ልኬት በኢሜይልም ይልካሉ። በአንድ ናሙና ብቻ አትሂጂ፤ እንጨት የሚበላው የፈንገሱ አካል ግንዱ ውስጥ ስለሚቆይ በሚቀጥለው ወቅት ወደዚያው ግንድ ተመለሺ። ሁለት ሦስት ዓመት ቢወስድ አትገረሚ። ስሙን ቀድሞ ማውጣት ያጓጓል፤ ግን ተሳስቶ የወጣ ስም ከመዝገብ አይሰረዝም፣ ከነስምሽ እዚያው ይኖራል።

የሥራ ማመልከቻሽ ላይ «ፈንገስ መለየት እችላለሁ» የሚል ዓረፍተ ነገር ብዙ አይረዳሽም። «ከአንድ ጂነስ 120 ናሙና ሰብስቤ፣ አድርቄ፣ በዚህ ሄርባሪየም በዚህ ቁጥር አስገብቻለሁ፤ የ45ቱ አይቲኤስ በጂንባንክ ይገኛል» ብትዪ ግን አሠሪው ገብቶ ሊያረጋግጠው ይችላል። በመጨረሻው ዓመት የዝምድና ዛፍ የሚሠሩ ፕሮግራሞችን፣ ለምሳሌ ማፍትንና አይኪው-ትሪን፣ ጨምሪበት። የናሙና ስብስብ ያለው ተቋም ውስጥ በነፃም ቢሆን መለያ ወረቀት የመጻፍና ዳታ የማስገባት ሥራ ካገኘሽ ያዢው፤ የሌሎችን ስህተት በብዛት የምታዪው እዚያ ነው።

እንጉዳዩን የመመረቂያ ጽሑፍሽ አካል ልታደርጊው አስበሽ ከሆነ፣ የመረጥሽለትን ስም እዚያ ውስጥ አትጻፊው። መመረቂያ ጽሑፍ አብዛኛውን ጊዜ በደንቡ እንደ ኅትመት አይቆጠርም፤ ስሙ በአየር ላይ ይቀራል፣ ሌላ ሰው አንብቦት ቀድሞሽ ሊያወጣውም ይችላል። «ዝርያ 1» በዪውና የናሙና ቁጥሩን ጻፊ፤ ስሙ በጆርናል ሲወጣ ይወጣል።