ሐኪም ለመሆን የግድ ወታደር መሆን አለበት?

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ የጻፉልኝ እናት ጭንቀት የሚከተለው ነው። በሞንትጎመሪ ኮሌጅ የመጀመሪያ ዓመቱን በጥሩ ውጤት ያጠናቀቀው የ19 ዓመት ልጃቸው ከልጅነቱ ጀምሮ ሐኪም መሆን ይመኛል። ባለፈው ወር ግን በአሜሪካ ጦር ውስጥ በሜዲክነት፣ ማለትም የቆሰለ ወታደርን በቅድሚያ በሚያክም ባለሙያነት ለማገልገል ፈርሞ መጣ፤ ወደ ሥልጠና የሚሄደው ከሦስት ወር በኋላ ነው። እናት «እኔ ሳልሞት አትሄድም» አሉ፤ የንስሐ አባታቸውም መጥተው መከሩት። ልጁ ከዚያ ወዲህ ከማዕድ ቀርቶ ክፍሉን ዘግቶ ይበላል። አባት ዝም ብለዋል። በ1980 ዓ.ም. የ11ኛ ክፍል ተማሪ የነበረ የእናትየዋ ታላቅ ወንድም በአፈሳ ተወስዶ እስከ ዛሬ ወሬው እንዳልተሰማ ደግሞ እኚሁ እናት በደብዳቤያቸው መጨረሻ በአንድ መስመር ጠቅሰዋል።

እኅቴ፣ ከዚያች መስመር ልጀምር። በ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ከወጣ በኋላ ወጣቱ ከመንገድና ከገበያ ሲታፈስ ያየ ሰው፣ ውትድርናን ሰው ወድዶ የሚገባበት ሥራ አድርጎ ማሰብ ቢያቅተው አይፈረድበትም። በእናንተ ቤት ደግሞ መርዶ አልመጣም፣ ለቅሶ አልተቀመጣችሁም፣ ተዝካር አልወጣም። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ፖሊን ቦስ በቬትናም ጦርነት ደብዛቸው የጠፋ አብራሪዎችን ቤተሰቦች ስታጠና የተመለከተችው ይህንኑ ነበር፤ የሰው መሞትም መኖርም ሳይታወቅ ሲቀር ቤተሰቡ አልቅሶ ለመጽናናትም ተስፋ ለመቁረጥም ይቸገራል። ልጅዎ ወረቀቱን ይዞ ሲመጣ እርስዎ ያዩት እርሱን ብቻ አልነበረም ብዬ እገምታለሁ።

ልጁ ግን ይህን አያውቅም። «ሳልሞት አትሄድም» ሲባል የሚሰማው እንደ ሕፃን መታዘዙን ነው፤ በዚያ ላይ ካህን ሲጨመርበት ነገሩ ሽምግልና ሳይሆን ክስ ይመስለዋል። ስለዚህ የአጎቱን ታሪክ፣ እንዴት እንደተወሰደ፣ አያቱ ስንት ዓመት በር በሩን ሲያዩ እንደኖሩ፣ ሁለታችሁ ብቻ ባላችሁበት ጊዜ ይንገሩት። ሲጨርሱም «ስለዚህ አትሂድ» የምትለዋን ነገር አይጨምሩባት። ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ነገር ግን ከተጨመረች ታሪኩ ማስፈራሪያ ሆኖ ይቀራል።

ወደ ልጅዎ ስመጣ፣ በደብዳቤዎ ካሰፈሩት ሁሉ ቀልቤን የሳበው «አንቺ ነርሲንግ ሆም ደብል እየሠራሽ እኔ ቁጭ ብዬ ኬሚስትሪ ማጥናት አልቻልኩም» ማለቱ ነው። እርስዎ ንግግሩን የወሰዱት እንደ ሰበብ ነው፤ እኔ የውሳኔው ሥር እርሱ ይመስለኛል። በስደት ያደጉ ልጆች የወላጆቻቸውን ድካም እንደ ዕዳ ሲቆጥሩት ደጋግሜ አይቻለሁ፤ ዕዳውን ለማቃለል የሚመርጡት መንገድም ብዙ ጊዜ ወላጆቻቸውን ይበልጥ የሚያስጨንቅ ይሆናል። ስለዚህ አንድ ጥያቄ ይጠይቁት፦ የሕክምና ትምህርቱ ወጪ እስከ መጨረሻው ቢሸፈንልህ ዛሬም ትሄድ ነበር?

«አልሄድም» ካለ ችግሩ የገንዘብ ነው፤ ለገንዘቡ ደግሞ ሌላም መንገድ አለ። ጦሩ ራሱ ዲግሪ ጨርሰው የሕክምና ትምህርት ቤት ለገቡ ተማሪዎች ክፍያቸውን በሙሉ ችሎና የወር አበል ጨምሮ፣ በምላሹ ብዙውን ጊዜ ለተማሩበት አንድ ዓመት አንድ ዓመት በመኮንንነት እንዲያገለግሉ ያደርጋል። ከቤትዎ ብዙ በማይርቀው ቤተስዳ ያለው የጦር ኃይሎች የጤና ሳይንስ ዩኒቨርሲቲም ተማሪዎቹን ያለ ክፍያ፣ እንዲያውም የመኮንን ደመወዝ እየከፈለ ያስተምራል፤ ግዴታው ግን ቢያንስ 7 ዓመት ነው። ሁለቱም የአሜሪካ ዜግነት ይጠይቃሉ፤ ልጅዎ ዜጋ በመሆኑ በሩ አልተዘጋበትም። ኮሌጁን መጀመሪያ መጨረስ ውትድርናውን ለኋላ ያቆየዋል እንጂ አያስቀርበትም፤ ይህን ቅደም ተከተል መልማዩ ያስረዳው መሆኑን እጠራጠራለሁ፤ ሥራው ዛሬ ማስፈረም ነውና። ልጅዎ ለሥልጠና ገና ስላልሄደም ሐሳቡን ቢለውጥ በጽሑፍ አሳውቆ መውጣት ይችላል፤ «ፈርመሃል፣ ትከሰሳለህ» ቢባል እውነት አይደለም። ይህን ሲነግሩት ግን እንደ ድል ብሥራት አይሁን።

«አዎ፣ እሄድ ነበር» ካለ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ምናልባት ከቤት ወጥቶ ራሱን ማየት ይሻል፤ ምናልባትም ያደገባትን አገር ማገልገል ይፈልጋል። ያን ጊዜ ምንም የገንዘብ ስሌት አይመልሰውም፤ የ19 ዓመት ሰው ለመፈረም የእናቱ ፈቃድ አያስፈልገውም። የሜዲክ ሥራ ከአደጋ የራቀ ነው ብዬ ላታልልዎት አልፈልግም፤ ቁስለኛ ባለበት የሚገኝ ነውና። ሆኖም ሐኪም የመሆን ሐሳቡ በዚህ አይቀበርም፤ በሃያዎቹ አጋማሽ ትምህርት የሚቀጥሉ ብዙዎች ናቸው፤ 36 ወር በመደበኛ አገልግሎት የቆየ ሰውም በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ እስከ 36 ወር የትምህርት ክፍያው ይሸፈንለታል።

ባለቤትዎን በተመለከተ፣ ዝምታቸው ልጁን «አባቴ ከእኔ ጋር ነው»፣ እርስዎን ደግሞ «ብቻዬን ተውኝ» እያሰኘ ስለሆነ፣ ሐሳባቸው ምንም ይሁን ምን በሁለታችሁ ፊት ይናገሩት።

መሄዱ የማይቀር ከሆነም ከመሄጃው ቀን በፊት ውሉን ሦስታችሁ ቁጭ ብላችሁ አንብቡት። የሜዲክነቱ ሥራ በስሙ ተጽፎ እንደሆነ፣ በመደበኛ ጦር የሚያገለግልበት ዘመን ስንት እንደሆነና ከዚያ በኋላ እስከ 8 ዓመት ለሚሞላው ጊዜ በተጠባባቂነት ሊጠራ እንደሚችል ልጅዎ ራሱ እያነበበ ያስረዳችሁ፤ መልማዩ በቃል የነገረው በወረቀቱ ላይ ከሌለ፣ ሳይጻፍ እንዳይሄድ።