ሳልጠራ ደሞዜ ተቆረጠ

ጤና ይስጥልኝ። የድሬ ልጅ ነኝ፤ የምሠራው ፋብሪካ ውስጥ ነው። ከልጄ እናት ጋር ተፋተናል። ክርክሩ ላይ ሳለን ፍርድ ቤቱ ለእሷም ለልጁም ቀለብ እንድቆርጥ አዝዞ ከፍያለሁ። ፍቺው ከጸና ወዲህ የልጁን ብቻ በእጇ እሰጣታለሁ። ባለፈው ደሞዝ ግማሹ የለም! የሒሳብ ክፍሏ ልጅ «የፍርድ ቤት ደብዳቤ መጥቶብህ ነው» አለችኝ። ለካ የልጄ እናት «የእኔን ቀለብ አቁሟል» ብላ አፈጻጸም (የታዘዘው እንዲፈጸም የሚጠየቅበት መዝገብ) ከፍታብኛለች። መጥሪያው የተለጠፈው ሳቢያን፣ ድሮ አብረን የኖርንበት ቤት በር ላይ ነው። እኔ ገንደቆሬ ከገባሁ ቆየሁ። ስልኬንም መሥሪያ ቤቴንም ታውቃለች። እልህ ይዞኝ የልጁንም ላቆም ነው። ምን ይሉኛል?

ወንድሜ፣ የልጁን እንዳታቆም። ያቆምክ ዕለት መዝገቡ ላይ በዳዩ አንተ ነህ። ደሞ ከዛሬ ጀምሮ በባንክ አስገባ። በእጅ የሰጠኸውን ማን ይመሰክርልሃል?

መጥሪያው ላይ ግን እውነት አለህ። መጥሪያ በር ላይ የሚለጠፈው ሰው ተፈልጎ ሲታጣ እንጂ መሥሪያ ቤቱ እየታወቀ አይደለም። መዝገብ ቤት ሂድና ግልባጩን አውጣ። መጥሪያ አድራሹ ምን ብሎ እንደጻፈ በደንብ አንብብ፤ ክርክርህ ያለው እዚያ ነው። በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 78 መሠረት፣ በሌለህበት የተሰጠው ትእዛዝ እንዲነሳ የምታመለክተው መኖሩን ካወቅክ በአንድ ወር ውስጥ ነው። ያ የደሞዝ ቀን ቆጠራውን ጀምሮታል። ማመልከቻህ ለእሷም ይደርሳታል፤ እሷ ሳትጠራ ትእዛዙ አይነሳም። ቅር አይበልህ፣ አንተም የጠየቅከው ይህንኑ ነው።

ሌላው፣ ድሬዳዋ ላይ የሚሠራው የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ ነው (ሐረሪ የራሱ አለው)። በዚህ ሕግ ቁጥር 82 ለሚስት ቀለብ የሚታዘዘው የፍቺው ክርክር እስኪቋጭ ነው። ከፍቺ በኋላ ያሉት ወራት በእሷ ቀለብ ስም ከተሰሉብህ ተቃወም። ከዚያ በፊት የዘለልከው ወር ካለ ግን ዕዳህ ነው፣ ክፈል። በፍቺው ውሳኔ ካሳ ተፈርዶብህ ከሆነም ያ ሌላ ጉዳይ ነው።

ግማሽ ደሞዝ መቁረጡም አያስኬድም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ቁጥር 59 ከወር ደሞዝ ከሲሶ በላይ እንዳይቆረጥ ይላል። ይህን ለፍርድ ቤቱም ለመሥሪያ ቤትህም በጽሑፍ አቅርብ፣ የደሞዝ ወረቀቱን አያይዝበት። የሒሳብ ክፍሏ ልጅ ላይ ግን እንዳትጮህ። እሷ ደብዳቤ ነው የደረሳት።